የራሴላስ ጓዳ

ጎንደር ውስጥ እንግዳ እየመራን የምንኖር ሰዎች እንግዳ ፊት የማናነሳው አንድ ጨዋታ አለን። ፋሲል ግቢ ውስጥ አይነሳም። የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ እያሳየንም አይነሳም። ሥራ አልቆ ፒያሳ ቡና ይዘን ስንቀመጥ ነው የሚመጣው። ጨዋታው ስለ አንድ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። ሰውየው አገራችንን በዓይኑ አላየም፤ ወደ አፍሪካ የሚሄድ መርከብም ተሳፍሮ አያውቅም። ሆኖም እንግሊዞች ስለ ኢትዮጵያ ከጻፉት ልብ ወለድ ሁሉ ስሙ የገነነው የእሱ ነው። የመጀመሪያ መጽሐፉም ቢሆን የኛን ደጋ የሚመለከት ነበር። እሱን በሰራበት ጊዜ ገና 25 ዓመቱ ነበር፤ ሥራ የለውም፤ ከአልጋ መውረድም አቅቶት ነበር።

ይህን ጓዳ ጓዳውን የምናወራው ያለ ምክንያት አይደለም። አልፎ አልፎ ሸምገል ያለ እንግሊዛዊ ይመጣና ከቦርሳው ቀጭን መጽሐፍ አውጥቶ «ይህ ልዑል የታሰረበት ሸለቆ የት ነው?» ይለናል። የተለመደው የጉብኝት መስመር ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። መስመሩ ፋሲል ግቢ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ ቁስቋም፣ ከዚያ በደባርቅ በኩል ስሜን ነው። ስለዚህ አንዳንዱ አስጎብኚ ስሜን ላይ የደረሱ እንደሆነ አንዱን ጥልቅ ገደል ይጠቁምና «ይሄ ነው» ይላል፤ እንግዳውም ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ሥራውን ገና የሚለምድ አንድ ልጅ በቀደም «ጋሼ፣ እውነተኛው የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለእሱ የነገርኩትን ነው እዚህ የምደግመው። የእንግሊዞቹን ዘመን በእነሱ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ በእኛ ስቆጥር ዓ.ም. እላለሁ።

ሳሙኤል ጆንሰን የተወለደው በ1709 ሊችፊልድ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ንግዱ ግን አልቀናውም። ልጁ በልጅነት በሽታ ፊቱ ጠባሳ ሆኖ፣ አንድ ዓይኑም ደክሞ አደገ። በ1728 ኦክስፎርድ ፔምብሮክ ኮሌጅ ገባ፤ ከ13 ወር በኋላ ገንዘብ አልቆ ሳይመረቅ ወጣ። ጫማው ተቀዶ ጣቶቹ ሲታዩ አይቶ አንድ ሰው አዲስ ጫማ በሩ ላይ ቢያስቀምጥለት፣ በንዴት አንስቶ እንደወረወረው ይነገራል። ከኦክስፎርድ ምስክር ወረቀት ይዞ አልወጣም፤ አንድ መጽሐፍ ግን በልቡ ይዞ ወጣ። እሱም በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ያነበበው፣ ጄሮኒሞ ሎቦ የተባለ የፖርቱጋል ኢየሱሳዊ ቄስ ወደ አገራችን ያደረገውን ጉዞ የሚተርክ ነበር።

አባቱ ሞቱ። በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆኖ ገባና ኑሮው መሮት ተወው። ከዚያ ኤድመንድ ሄክተር የሚባል የልጅነት ጓደኛው ወዳለበት ወደ ቢርሚንግሃም ሄደ። ሄክተር ሐኪም ነበር። በከተማው ዋረን የሚባል መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ጋዜጣም ያወጣ ነበር፤ ጆንሰንም ለዚያ ጋዜጣ ጥቂት ጽሑፍ ጽፏል። አንድ ቀን «የሎቦን መጽሐፍ ከፈረንሳይኛው አሳጥሬ ወደ እንግሊዝኛ ብመልሰው ገበያ ይኖረዋል» አለ። ዋረንና ሄክተርም «አድርገው» አሉት። መጽሐፉ በከተማው ስላልተገኘ ከፔምብሮክ ቤተ መጻሕፍት በውሰት መጣ።

እንግዲህ ጓዳው እዚህ ላይ ነው። ጆንሰን ጥቂት ገጽ ተርጉሞ ሰጠ፤ ኦስቦርን የሚባለው አታሚም ፊደል ማስለቀም ጀመረ። ከዚያ ሥራው ቆመ። ጆንሰን በዚያ ዕድሜው ከባድ ትካዜ ያጠቃው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውልበት ጊዜ ነበር። ሄክተር የጓደኛውን ባሕርይ ያውቃል፤ ዝናም ገንዘብም እንደማያስነሳው ያውቃል። ስለዚህ ሄዶ «አታሚው ያንተን ሥራ ሳይጨርስ ሌላ ሥራ መያዝ አይችልም፤ ሰውየውና ቤተሰቡ እየተቸገሩ ነው» አለው። ጆንሰን ይህን ሲሰማ ሥራውን ቀጠለ፤ ከአልጋው ግን አልወረደም። ትልቁን የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ እያነበበ በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ሄክተር ከጎኑ ተቀምጦ ይጽፋል። የተጻፈውን ወረቀት ወደ ማተሚያ ቤቱ የሚወስደው ሄክተር ነው፤ እርማቱን የሚያርመውም ሄክተር ነው። ደራሲው አብዛኛውን የእርማት ገጽ በዓይኑም አላየውም።

መጽሐፉ በ1735 ወጣ። የተርጓሚው ስም አልተጻፈበትም። የታተመው ቢርሚንግሃም ሆኖ ሳለ የፊት ገጹ ላይ «ለንደን» ተብሎ ተጻፈ፤ የክፍለ ሀገር መጽሐፍ አይሸጥም ተብሎ ስለሚፈራ ብዙ አሳታሚ እንዲህ ያደርግ ነበር። ለሥራው ሁሉ ዋረን የከፈለው አምስት ጊኒ ነው። የእንግሊዝኛን ትልቅ መዝገበ ቃላት በ1755 ያወጣው ሰው የመጀመሪያ መጽሐፍ ታሪኩ ይኸው ነው። ይህን ለወጣት ጸሐፊዎች ስነግር ሄክተርን ነው የማስቀድመው። መጽሐፍ የሚወለደው በአንድ ሰው ብቻ ነው ብለን የምናምን ብዙ ነን፤ ያለዚያ ወረቀት አመላላሽ ሐኪም ግን ጆንሰን የሚባል ደራሲ መቼ እንደሚጀምር አይታወቅም ነበር።

አሁን ወደ እኛ ደጋ እንመለስ። ሎቦ አገራችን የገባው በ1625፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ጎንደር ገና አልተቆረቆረችም። ንጉሡ ደንቀዝ ላይ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፤ ኢየሱሳውያኑ ደግሞ ጎርጎራ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ይገነቡ ነበር። ጎርጎራ የሄደ ሰው የማርያም ግምብን ፍርስራሽ ዛሬም ያየዋል። ንጉሡ ካቶሊክ ሆኑ፤ አገሩ ተቃጠለ፤ በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት ላይ በገዛ ሕዝባቸው የደረሰውን እልቂት አይተው በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መለሱና ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። በዚህ ሁሉ መሐል ከኢየሱሳውያኑ ጎን እስከ መጨረሻው የጸኑ አንድ ታላቅ ሰው ነበሩ፦ የንጉሡ የእናት ልጅ፣ የጎጃም ገዥ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ። ሃይማኖቴን አልለውጥም ብለው በፋሲል ዘመን ተጋዙ። ሎቦ ስለ እኚህ ራስ ደጋግሞ ይጽፋል። የማዕረጋቸውና የስማቸው መጀመሪያ በአውሮፓ አጻጻፍ አንድ ላይ ተጣብቆ ጆንሰን ዘንድ ደረሰ፤ ከ24 ዓመት በኋላ «ራሴላስ» የተባለ ልዑል ሆኖ ወጣ።

አፄ ፋሲል ሎቦንና ጓደኞቹን ከአገር አስወጡ። በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆረቆሩ። ሌላም ነገር አደረጉ፤ እንግዶቻችን የማያውቁት ይህን ነው። የንጉሥ ዘር የሆነውን ወንድ ሁሉ በአንድ ገደላም አምባ ላይ ማኖር የቀደመው ዘመን ልማድ ነበር። ያ አምባ ግሸን ነበር፤ ወሎ ውስጥ ነው፤ በግራኝ ጦርነት ጊዜ ወድሞ ልማዱም ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ሎቦ እዚህ በነበረበት ጊዜ አምባ ላይ የታሰረ ልዑል አልነበረም። ልማዱን የመለሱት ሎቦን ያባረሩት ፋሲል ናቸው፤ አምባውም ከጎንደር ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ በበለሳ በኩል ያለው ወህኒ ነው። ጆንሰን ያነበበው ተራኪ ሲባረር፣ ጆንሰን ኋላ በምናቡ የሚፈጥረው እስር ቤት እዚህ በእውን ይሠራ ነበር።

ጆንሰን በትርጉሙ መቅድም ላይ ሎቦን ያመሰገነበት ምክንያት ሁልጊዜ ይገርመኛል። የዚያ ዘመን የጉዞ መጽሐፍ በዓይኑ የሚገድል እባብና እያለቀሰ ሰው የሚበላ አዞ የሞላበት ነው። ጆንሰን ሎቦን የወደደው እንዲህ ያለ ተረት ስላላበዛ ነው። የሰው ልጅ በሄደበት አገር ሁሉ ያው ሰው ነው፤ በጎነቱም ክፋቱም አብሮት አለ ይላል ሐሳቡ ሲጨመቅ። የ25 ዓመት ልጅ፣ ከሊችፊልድና ከኦክስፎርድ ሌላ ብዙም ያላየ ልጅ፣ ስለ ሐበሻ ሲጽፍ ጭራቅ አላደረገንም። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ እንዲህ የሚያስብ ብዙ አልነበረም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

ከአምስቱ ጊኒ በኋላ የመጣው ኑሮ የሚያስቀና አይደለም። በዚያው ዓመት በዕድሜ ብዙ የምትበልጠውን ባል የሞተባት ሴት አገባ፤ በገንዘቧ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ተማሪ ጠፋና ተዘጋ። ከጥቂቶቹ ተማሪዎቹ አንዱ ኋላ የእንግሊዝ ታላቅ ተዋናይ የሆነው ዴቪድ ጋሪክ ነበር። በ1737 መምህርና ተማሪ አብረው እንጀራ ፍለጋ ወደ ለንደን ወጡ። ጆንሰን የያዘው «አይሪን» የተባለ ያላለቀ ተውኔት ነው፤ መድረክ ላይ እስኪወጣ 12 ዓመት ፈጀበት። በዚያ መሐል ለመጽሔት በገጽ እየተከፈለው ጻፈ፣ ተረጎመ፣ የሰው ጽሑፍ አረመ።

1759 ላይ ዕድሜው 49 ነው፤ መዝገበ ቃላቱ ስም አሰጥቶታል፤ ኪሱ ግን ባዶ ነው። ጥር ላይ እናቱ በ90 ዓመት ዕድሜ አካባቢ ሊችፊልድ ውስጥ ሞተች። ለቀብሯና ለትንንሽ ዕዳዎቿ ገንዘብ ያስፈልገዋል። በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ አንድ ልብ ወለድ ጻፈ፤ የተጻፈው ገጽ ሳይከማች ወደ ማተሚያ ቤት ይሄድ ነበር፤ መልሶም አላነበበውም። 100 ፓውንድ ተከፈለው፤ ሁለተኛው ዕትም ሲወጣ 25 ተጨመረለት። ሚያዝያ ላይ በሁለት ትንንሽ ቅጾች ታተመ፤ የፊት ገጹ ላይ «የሐበሻ ልዑል» ይላል እንጂ የደራሲው ስም አልነበረበትም። ከ22 ዓመት በኋላ በሠረገላ ሲጓዝ መጽሐፉን በአጋጣሚ አግኝቶ በጉጉት እንዳነበበው ጓደኛው ቦስዌል ጽፏል።

እንዲህ በጥድፊያ ሲጻፍ እጁ የገባው የወጣትነቱ መጽሐፍ ነው። ሰው ሲቸገር የሚያወጣው ቀድሞ ያስቀመጠውን ነው፤ ጆንሰን ያስቀመጠው ደግሞ እኛን ነበር።

ታሪኩን ላላነበበው ባጭሩ ልንገር። የንጉሡ አራተኛ ልጅ ራሴላስ ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በአማራ ምድር በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ይኖራል። ምግቡ፣ ዘፈኑ፣ የአትክልት ቦታው፣ ሐይቁ ሁሉ ተሟልቷል። መውጫው በብረት መዝጊያ የተዘጋ ዋሻ ነው። ንጉሡ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስምንት ቀን ይጎበኛቸዋል። ልዑሉ በ26ኛው ዓመቱ ሁሉ ነገር እያለው አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማዋል። አንድ ጥበበኛ ክንፍ ሠርቼ እበራለሁ ብሎ ሐይቅ ውስጥ ይወድቃል። በመጨረሻ ልዑሉ ተራራውን ቆፍሮ ከእህቱና ከመምህሩ ጋር ያመልጣል፤ ካይሮ ድረስ ሄደው ደስተኛ ሰው ይፈልጋሉ፤ ገዥ፣ ባሕታዊ፣ ፈላስፋ፣ የከዋክብት ተመራማሪ ሁሉ ያያሉ፤ የጠገበ ሰው አያገኙም።

መምህሩን ልብ በሉልኝ። ስሙ ኢምላክ ነው፤ ገጣሚ ነው፤ ከዓባይ ምንጭ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ ጎጃም ውስጥ የተወለደ የነጋዴ ልጅ ነው። ጆንሰን ቅኔ ቤት የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ዓለምን የሚያስረዳውን ሰው ጎጃሜ ባለቅኔ አደረገው። ይህን ስናነሳ ከመሐላችን ያሉት ጎጃሜዎች ደረታቸው ይነፋል፤ ይገባቸዋልም።

ግን ለወጣቱ አስጎብኚ ያልኩትና ለእናንተም የምለው ዋናው ነገር ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ጆንሰን ለንደን ውስጥ በሻማ ብርሃን ይህን ሲጽፍ ጎንደር ውስጥ ምን ነበር? ዙፋኑ ላይ በልጅነታቸው የነገሡት አፄ ኢዮአስ አሉ፤ አገሩን የሚመሩት አያታቸው እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ላይ ናቸው። ወህኒ ላይ ደግሞ እውነተኛ ልዑላን ተቀምጠዋል። በእነዚያ ምሽቶች አንድ አዛውንት እዚያ አምባ ላይ ነበሩ፦ ዮሐንስ፣ የታላቁ የአፄ ኢያሱ ልጅ፣ የአፄ በካፋ ወንድም። በአንድ ወቅት ለማምለጥ ሞክረው ተይዘዋል፤ አንድ እጃቸውም ተቆርጧል። በአገሩ ልማድ አካሉ የጎደለ ሰው አይነግሥምና፣ እጁ የተቆረጠ ልዑል ዳግመኛ አያሰጋም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1769፣ ራስ ሚካኤል ስሑል ወጣቱን ኢዮአስን በሻሽ አሳንቀው አስገደሉ። ማን ይንገሥ ሲባል ወህኒ ተላከና እኚያ ባለ አንድ እጅ አዛውንት ከአምባው ወርደው ዙፋን ላይ ተቀመጡ። ዕድሜያቸው 70 አልፎ ነበር። አፄ ዳግማዊ ዮሐንስ ተባሉ። ጦር ይዘህ ዝመት ሲባሉ እምቢ አሉ፤ ወራት ሳይቆይ በመርዝ ሞቱ። ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት ገና በጉርምስና ዕድሜ ነገሠ።

ቁስቋም የሄዳችሁ እንደሆነ ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ባለው ጠባብ ክፍል መስታወት ያለው ሳጥን ትታያላችሁ። የእቴጌ ምንትዋብ፣ የልጃቸው የኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም በአንድነት ተቀምጧል። እንግዳው ዝቅ ብሎ ያያል፤ መብራት ካልተያዘ ብዙም አይታይም፤ ሁለት ደቂቃ ቆሞ ይወጣል። እዚያ የተኛው ወጣት የሞተበት ምክንያትና የአምባው ባለ አንድ እጅ አዛውንት ዕጣ አንድ ታሪክ መሆኑን በዚያች ሁለት ደቂቃ ማስረዳት አይቻልም። ስለዚህ እንግዳው መጽሐፉን ይዞ ሸለቆ ሲፈልግ ይውላል፤ የመጽሐፉ እውነተኛ ሰዎች ዘመድ ግን እፊቱ ነበር።

ወህኒ የደስታ ሸለቆ አልነበረም። በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ የሰማውን ጽፏል። ታላቁ አፄ ኢያሱ በነገሡ ጊዜ ወደ ወህኒ ሄደው ዘመዶቻቸውን ቢያዩ ልብሳቸው አልቆ፣ ተጎሳቁለው አገኟቸው፤ ለእነሱ የተመደበውን ሀብት ጠባቂዎችና ሹማምንት በልተውታል። ንጉሡ አዝነው ቀለባቸውን አስተካከሉ ይላል። ጆንሰን የጠገበ ልዑል ለምን ያዝናል ብሎ ጠየቀ። የእኛ አምባ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ የተራበ ልዑል፣ ነገ አንድ መልእክተኛ መጥቶ ዘውድ ወይም ሞት እንደሚያመጣለት የሚያውቅ ልዑል፣ ሌሊቱን እንዴት ያነጋል?

ብሩስን ካነሳሁ አይቀር አንድ የመጽሐፍ ገበያ ምስጢር ልጨምር። አገሩ ሲመለስ የተናገረውን ለንደን አላመነችውም፤ ጥሬ ሥጋ ይበላል ማለቱ ብቻ መሳለቂያ አደረገው። ጆንሰንም አግኝቶት ነበር፤ አነጋገሩ አላረካውም። ብሩስ ተቀይሞ ለብዙ ዓመት ዝም አለ፤ አምስቱን ቅጽ ያወጣው በ1790፣ ጆንሰን ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። በዋዜማው፣ በ1789፣ አሳታሚዎች ያችን የቢርሚንግሃም ትርጉም እንደገና አተሟት። ስሙ ሳይጻፍበት በአምስት ጊኒ የተሠራው የወጣቱ ሥራ ጎንደርን ኖሮባት ከመጣው ሰው መጽሐፍ ጋር ገበያ ተጋፋ። ብሩስ በበኩሉ ሎቦን ውሸታም ብሎ ጽፏል። የእኛው አገር ምስክሮች እዚያ ሲካሰሱ ከእኛ ወገን የጠየቀ አልነበረም።

ሌላም ወጣት አለ። በ1955 ቶማስ ፓከንሃም የሚባል አንግሎ-አይሪሽ ኦክስፎርድን ጨርሶ፣ ገና 22 ዓመት ሳይዘለው፣ ያንን የልዑላን ተራራ ፍለጋ መጣ። ጎንደርን መነሻ አድርጎ በበቅሎ ወህኒ ደረሰ። በ1959፣ ጆንሰን ልብ ወለዱን ካወጣ ልክ 200 ዓመት ሲሞላ፣ «የራሴላስ ተራሮች» ብሎ የመጀመሪያ መጽሐፉን አሳተመ። ኋላ ስለ ቦር ጦርነትና ስለ አፍሪካ መቀራመት የጻፋቸው ግዙፍ መጻሕፍት ዓለም የሚያነባቸው ናቸው። እንግዲህ ቁጠሩ፦ ሁለት ጸሐፊዎች፣ ሁለቱም በሃያዎቹ መጀመሪያና አጋማሽ፣ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያገኙት ከዚሁ ደጋ ነው። አንዱ ከአልጋ ሳይነሳ፣ አንዱ በበቅሎ ተቀምጦ።

ከእኛ ወገንስ? ራሴላስን ወደ አማርኛ የመለሰው የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ነው፤ ኦክስፎርድ የተማረ ሰው ነበር። ልዑሉ በዚህ መንገድ አገሩ ተመልሷል።

ጎንደርም የራሷን ጸሐፊ አላጣችም። ብርሃኑ ዘሪሁን እዚሁ ተወልዶ፣ የቤተ ክህነቱንም የዘመናዊውንም ትምህርት እዚሁ ጀምሮ፣ አዲስ አበባ ተግባረ ዕድ ገባ። ጋዜጠኛ ሆነ፤ ኋላም የአዲስ ዘመን ዋና አዘጋጅ ሆኗል። «ሁለት የእንባ ደብዳቤዎች» በ1952 ዓ.ም. ሲወጣ እሱም በሃያዎቹ ውስጥ ነበር። አማርኛ ልብ ወለድ በረዥም ሐረግ በሚጎተትበት ዘመን ብርሃኑ አጭር፣ ጥርት ያለ ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ፤ ጋዜጣው የሞረደው ብዕር ነበር። «የቴዎድሮስ እንባ»ን በ1958 ዓ.ም. አወጣ፤ «የታንጉት ምስጢር» ደግሞ በ1979 ዓ.ም.፣ በሞተበት ዓመት ታተመ። ሁለቱም ወደዚሁ ደጋ፣ ወደ ቴዎድሮስ ዘመን ይመለሳሉ። እንደ ጆንሰን እሱም ሆዱን በጋዜጣ ሥራ እየቻለ ነው የጻፈው። ልዩነቱ ብርሃኑ የጻፈለት ምድር አድጎበት፣ አፈሩን ረግጦት የሚያውቀው መሆኑ ነው፤ ይህም ገጹ ላይ ይታያል።

ቴዎድሮስን ብርሃኑ ጽፎታል፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ» ጽፎታል፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን መድረክ ላይ አውጥቶታል። የወህኒው ዮሐንስ ግን እንደ ቴዎድሮስ ደራሲ አልተረባረበበትም። ጀግና አይደለም፤ ድል የለውም፤ አንድ ጊዜ ለማምለጥ ሞከረ፣ ተያዘ፣ እጁ ተቆረጠ፣ አረጀ፣ ሳይፈልግ ነገሠ፣ ሞተ። እኔ በበኩሌ ከዚህ የበለጠ የልብ ወለድ ሰው አላውቅም። በስሜን ተረተር ላይ ቆሞ የተቆረጠ ገደል ያየ ሰው አምባ ላይ መታሰር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ጆንሰን ይህን አላየም፤ ስለዚህ አምባውን ወደ ሸለቆ ለወጠው፤ አበባ ዘራበት።

እንግዳ ከቀነሰ ወዲህ ከሥራ ጓደኞቼ ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል። ጥቂቶቹ ይጽፋሉ፤ ደብተራቸውን አምጥተው የሚያሳዩኝ አሉ። «አዲስ አበባ ካልሄድን ማን ያትምልናል?» ይላሉ፤ አውቃለሁ፣ የወረቀት ዋጋና የማተሚያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ቀላል አይደለም። ጆንሰንም የክፍለ ሀገር ከተማ ላይ ነው የጀመረው፤ የፊት ገጹም በውሸት «ለንደን» ተብሎ ነው የወጣው። ለእነዚህ ልጆች የምለው ይህን ነው። በለሳ ሂዱ። መንገዱ ሰላም ሲሆን ሂዱ፤ የአምባውን ሥር ኗሪ ሽማግሌዎች ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፤ ስለ ወህኒ የሚነገረውን አፋቸው ላይ እያለ ጻፉት። እናንተ ደግሞ የሚጽፍ ጓደኛ ያላችሁ ሁሉ፣ ልጁ ተኝቶ ሲውል ካያችሁት ወረቀት ይዛችሁ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጡ፤ እሱ ይናገር፣ እናንተ ጻፉለት። የዮሐንስ ታሪክ በአማርኛ፣ ጎንደር ላይ ታትሞ እንዲወጣ እንፈልጋለን።